ጣሪያችንን ያስወሰደው በሩ ነው

የአባቴ መጋዘን ጣሪያ የሄደው ሰኔ 2014 ላይ ነው። ሄደ የምለው በምክንያት ነው። አልፈረሰም፣ አልዘመመም። ሄደ። ጠዋት ስንደርስ ግማሹ ቆርቆሮ ከነማገሩ ተነቅሎ ከመንገዱ ማዶ ተጋድሟል። ከሥሩ የነበረው ዱቄትና ፓስታ ሌሊቱን ሲዘንብበት አድሯል። አባባ አንዱን ጆንያ በእጁ ነካው፤ ዱቄቱ ሊጥ ሆኗል። ምንም አልተናገረም። እጁን በሱሪው ጠረገና ቀና ብሎ ሰማዩን አየ።

ሁላችንም ወደ ላይ ነበር የምናየው። ጥፋቱ ያለው ግን ታች፣ በሩ ሥር ነበር። ይህን ለማወቅ ሳምንት ፈጀብን፤ በደንብ የገባኝ ደግሞ ከወራት በኋላ፣ አሜሪካ ፍሎሪዳ የምትኖረው እህቴ ቤት ላይ ትልቅ አውሎ ነፋስ የመጣ ዕለት ነው። ዛሬ የምጽፈው ስለሱ ነው። ድሬ ሆነሽ ስለ ፍሎሪዳ ነፋስ ምን አገባሽ የሚለኝ ካለ እስከ መጨረሻው ይታገሰኝ።

ድሬን የሚያውቅ ነፋሷን ያውቃል። ሙቀቱ ቀኑን ሙሉ ሰውን ሲያንገላታ ይውልና አመሻሽ ላይ በደንገጎ ተራራ በኩል ሰማዩ ይጠቁራል። ከዝናቡ በፊት አቧራው ይመጣል። ልብስ ያሰጣችው ትሮጣለች፣ ውጭ አልጋ ያወጣው አልጋውን ይጎትታል፣ ባጃጁ መጋረጃውን ያወርዳል። አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ከዚያ ወይ ይዘንባል ወይ ዝም ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ነፋስን እንደ አደጋ ቆጥረነው አናውቅም።

ለእኛ አደጋ ማለት ውሃ ነው። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት፣ 1998 ዓ.ም.፣ ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው በልቷል። ልጅ ነበርኩ። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ የምናውቀው፣ ኳስ የምንጫወትበት ወንዝ፣ ደጋው ላይ በዘነበ ዝናብ በአንድ ሌሊት ሰውና ቤት ጠርጎ ሄደ። ቤታችን ከወንዙ ራቅ ስለሚል ተረፍን። አባባ ግን ከዚያ ወዲህ ደንገጎ ላይ ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር እንቅልፍ የለውም። ሳቢያን ሰፈር ዳር መጋዘኑን ሲሠራም መጀመሪያ ያደረገው ወለሉን ከመንገዱ ከፍ አድርጎ ማስሞላት ነው። ውሃ መውረጃውን ራሱ ቆሞ አስቆፈረ። ስለ ነፋስ ማንም አላነሳም። እኔም አላነሳሁም።

በሩን ያሰራነው ለሌባ ነው። ባለ ሁለት ክንፍ፣ ከላሜራና ከቱቦላሬ የተበየደ፣ መኪና አስገብቶ የሚያስወጣ። ወርዱ 3 ሜትር ከ60፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ40። ሁለት ትልልቅ ቁልፍ ነበረው። አንደኛው ክንፍ ላይ ደግሞ ወደ መሬት ወርዶ ሲሚንቶው ውስጥ ያለ ጉድጓድ ውስጥ የሚገባ መቀርቀሪያ አለ። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ከአሥር የድሬ ግቢ ዘጠኙ ላይ አለ። ይህን መቀርቀሪያ አስታውሱልኝ።

ጣሪያው የሄደ ቀን ዘበኛው የነገረን አንድ ነገር ነበር። "መጀመሪያ በሩ ነው የጮኸው" አለ። "በሩ ጓ አለ፣ ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ጣሪያው።" ሰማነው፣ ግን አልሰማነውም። አናጺው መጥቶ ሚስማሩ አጭር ነው አለ፤ ጎረቤት ቆርቆሮው ቀጭን ነው አለ፤ አንዱ የአባባ ጓደኛ የዘንድሮ ነፋስ ሌላ ነው አለ። ሁሉም ትንሽ ትንሽ እውነት አለው። ዘበኛው ግን ቅደም ተከተሉን ነበር የነገረን፣ እሱን የጠየቀው የለም።

ከሳምንት በኋላ የተጣመመውን በር ሊያቃና በያጅ መጣ። ዕድሜው የገፋ፣ ቶሎ የማይናገር ሰው ነው። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም ስለሌለ አንተ እያልኩት ነው ያዋራሁት። በሩን ላላ አድርጎ ወደ ውስጥ ወደ ውጭ ወዘወዘው። ከዚያ ቁጢጥ አለና ያንን መሬት ላይ ያለ ጉድጓድ በጣቱ ነካው። ጣቱ እስከ መጀመሪያው አንጓ ገባና ቆመ።

"ነይ እይ አንቺ ልጅ" አለኝ። "አሸዋ ነው።"

ጉድጓዱ እስከ አፉ ድረስ በአሸዋ ተሞልቷል። መቼ እንደሞላ ማን ያውቃል፤ በየቀኑ የሚገባ መኪና፣ በየቀኑ የሚነፍስ አቧራ። መቀርቀሪያው ለወራት ወደ ጉድጓዱ ሳይገባ አሸዋው ላይ ተቀምጦ ነው የኖረው። እኛ በየማታው ስናወርደው "ቋ" የሚል ድምፅ ይሰማናል፣ ዘጋን ብለን እንሄዳለን። ሁለቱን ቁልፎች ተሸክሞ የቆመው እንግዲህ ምንም ያልያዘ ክንፍ ነው። ነፋሱ ሲገፋው ክንፎቹ ተያይዘው ወደ ውስጥ ተከፈቱ።

"ይሄ በር አይደለም፣ ሸራ ነው" አለኝ በያጁ። "መሬት ያልያዘ ላሜራ ምን ታደርጊዋለሽ?"

እና ጣሪያው? አልኩት። ጣሪያው ከበሩ ጋር ምን አገናኘው?

ጥግ ላይ ወድቆ የነበረ ፌስታል አነሳና ሰጠኝ። አፉን ከፍተሽ ነፋሱ ላይ ያዢው አለኝ። ያዝኩት። በአንድ አፍታ ተነፋ፣ እጄን ጎተተ። "ቤትሽም እንደዚሁ ነው፤ አንድ አፍ ብቻ ሲከፈትለት ይነፋል። መውጫ ሲያጣ ደግሞ ደካማውን ይፈልጋል።"

ከዚያ በላይ አላብራራም። ወደ ብየዳው ዞረ። በእኛ ቤት ግን ያን ቀን ነገሩ ተገለባበጠ። ጣሪያው ላይ በላዩ የሚያልፈው ነፋስ ወደ ላይ ይስበዋል፣ ይህ ሁሌም ያለ ነው፤ ሚስማሩም ማገሩም ይህን ችሎ ለዓመታት ኖሯል። በሩ ሲከፈት ግን የገባው ነፋስ ከውስጥ ወደ ላይ ይገፋዋል። ከላይ ተስቦ ከታች ተገፍቶ እንዴት ይቁም? ሁለቱ ሲደመሩ ነው የሄደው። አናጺው ያለው ሚስማር ምናልባት አጭር ነበር፤ በሩ ባይከፈት ኖሮ ግን ያ አጭር ሚስማር ይበቃው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፣ አውቃለሁ። ቢሆንም በመስከረም ወር ይህን ማወቄ ጠቀመኝ።

እህቴ የምትኖረው ከፎርት ማየርስ ከተማ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። ቤት ከገዛች ጀምሮ ስለ "ጋራዥ በር" ስታወራ እማዬ ግራ ይገባት ነበር። እኛ ዘንድ ጋራዥ ማለት መኪና የሚጠገንበት፣ ዘይት የፈሰሰበት ቦታ ነው። እዚያ ግን የመኪና ክፍል ነው፤ ከቤቱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የተሠራ፣ ከውስጥ በትንሽ በር ከማዕድ ቤት ጋር የሚገናኝ። የውጭ በሩ ሁለት መኪና የሚያስገባ ሲሆን ወርዱ 4 ሜትር ከ90፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ10 አካባቢ ይሆናል። ልብ በሉ። የቤቱ ትልቁ ቀዳዳ እሱ ነው። በቤቱ ላይ እሱን የሚያክል መስኮት የለም። የሚሠራው ደግሞ ከቀጭን ቆርቆሮ ነው፤ አግድም በተደረደሩ አራት አምስት ሳንቃዎች። ዳርና ዳሩ ላይ በትንንሽ ጎማዎች ሐዲድ ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። እኛ የሐዲድ ከተማ ልጆች ነን፣ ባቡር ከሐዲድ ሲወጣ ምን እንደሚሆን ማንም አይነግረንም።

አያን የሚባለው አውሎ ነፋስ ፍሎሪዳን የመታው መስከረም 18 ቀን 2015 ነው፣ የመስቀል ማግስት። የባሕሩን ዳር ሲነካ የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት ወደ 240 ኪሎ ሜትር ነበር። በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ቤታችን ውስጥ የደመራ ሽታ ገና ከልብሳችን አልወጣም። አባባ፣ እማዬ፣ እኔ አንድ ስልክ ላይ ተደፍተን ቁጭ ብለናል። መስመሩ ይቆራረጣል። እህቴ ከባሏና ከልጇ ጋር መስኮት የሌለው መተላለፊያ ውስጥ ፍራሽ ይዘው ተቀምጠዋል።

ድንገት ባሏ ሲጮህ ሰማን። በማዕድ ቤቱ በኩል ሲያይ የጋራዡ በር ሆዱን ነፍቶ ወደ ውስጥ ገብቷል። አንደኛው ዳር ላይ ጎማዎቹ ከሐዲዱ ሊወጡ ነው። ሄጄ ልደግፈው አለ።

"እንዳይሄድ!" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፣ ድሬዳዋ ቁጭ ብዬ። አባባ ዞር ብሎ አየኝ። ለምን እንዳልኩት ያን ጊዜ በቁጥር አላውቅም ነበር፤ በያጁ የሰጠኝ ፌስታል ብቻ ነው ትዝ ያለኝ። በኋላ አሰላሁት። ነፋስ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ሲነፍስ አንድ ካሬ ሜትር ላይ በግርድፉ 120 ኪሎ ያህል ይጫናል። በእህቴ በር ስፋት ሲባዛ 12 ኩንታል ይሆናል። እኛ መጋዘን ላለን ሰዎች ይህ ቁጥር ይገባናል። 12 ኩንታል ዱቄት የጫነ ሰው አይቼ አላውቅም። ባሕሩ ዳር በነበረው ፍጥነት ደግሞ ወደ 28 ኩንታል ይደርሳል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ስለሆነ ነው፣ ነገሩን የሚያስፈራው ይሄ ነው።

አልሄደም። ትንሿን የማዕድ ቤት በር ቆለፉ፣ የቀሩትን የውስጥ በሮችም ዘጋጉ። በሩ ተጣሞ፣ ግማሹ ከሐዲድ ወጥቶ፣ ግን ሳይከፈት አደረ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤት የጋራዥ በር ግን ገብቶ ነበር። ጠዋት እህቴ ፎቶ ላከች። የጎረቤቷ ቤት በሩ ከነበረበት በላይ ያለው ጣሪያ የለም። ፎቶውን አባባ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ "የእኛ መጋዘን ነው" አለ።

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ማታ ማታ፣ ሥራ ስጨርስ። ፍሎሪዳዎች ይህን የተማሩት በከባድ ዋጋ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነሐሴ 1992 አንድሩ የሚባል አውሎ ነፋስ ከማያሚ በስተደቡብ ያለውን አገር መታ፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ቤት ጠፋ። ፍርስራሹን የመረመሩ መሐንዲሶች ደጋግመው ካዩት ነገር አንዱ የጋራዥ በር ነው። በሩ ይገባል፣ ጣሪያው ይከተላል። ከዚያ የግንባታ ሕጉ ተለወጠ፣ በዚያው አቆጣጠር ከ2002 ጀምሮ መላውን ግዛት የሚገዛ አንድ ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። ማያሚ አካባቢ ደግሞ ከሁሉም የጠበቀ ነው፤ በር ከመሸጡ በፊት 4 ኪሎ የሚመዝን ጣውላ በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይወረወርበታል። ነፋሱ ብቻውን አይመጣምና። የሰው አጥር፣ የሰው ቆርቆሮ ይዞ ነው የሚመጣው። የእኛ ቆርቆሮም መንገድ ተሻግሮ ነበር የተገኘው፤ ሰው ቢያልፍ ኖሮ ብዬ ሳስብ አሁንም ይዘገንነኛል።

እህቴ በሩን ለማጠንከር ስትነሳ እኔ ከዚህ ሆኜ አብሬያት ነበርኩ። መጀመሪያ በሩ ከውስጥ በኩል ወረቀት ተለጥፎበት እንደሆነ እዪ አልኳት። በደንብ የተሠራ በር ላይ ምን ያህል ግፊት እንደሚችል ይጻፍበታል፣ አንድ ቁጥር በመደመር ምልክት፣ አንድ ቁጥር በመቀነስ ምልክት። መደመሩ ወደ ውስጥ ለሚገፋው ነው፣ መቀነሱ ወደ ውጭ ለሚስበው። አውሎ ነፋስ ይዞራል፤ ጠዋት የገፋውን በር ማታ ይስበዋል። የእህቴ በር ላይ ምንም አልነበረም። አሮጌ ነው።

ሁለተኛ የተሳሳተችው ነገር ሞተሩ ነው። በሩን የሚያነሳው ሞተር በሩን ቆልፎ የሚይዘው ይመስላት ነበር። አይይዘውም። መሃል ላይ፣ ከላይ፣ በአንድ ክንድ ነው የያዘው። እንደኛ መቀርቀሪያ ነው እንግዲህ፣ "ቋ" ይላል፣ ዘጋሁ ትያለሽ።

አዲስ በር ለመግዛት አቅም ስላልነበራት ያለውን አጠናከረችው። በየሳንቃው ጀርባ አግድም የታጠፈ ጠንካራ ብረት ተገጠመበት፣ ሆዱ እንዳይነፋ። ማጠፊያዎቹና ጎማዎቹ በወፍራም ተቀየሩ። ሐዲዱ ግድግዳውን የያዘበት ቦታ ተፈተሸ፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው ብዬ አስባለሁ፣ በሩ የፈለገውን ያህል ቢጠነክር ሐዲዱ በአጭር ብሎን ደረቅ እንጨት ላይ ከተያዘ በሩ ከነሐዲዱ ነው የሚገባው። በመጨረሻ ሁለት ቋሚ ብረቶች። እነዚህ ሁልጊዜ አይቆሙም። አውሎ ነፋሱ ሲነገር ብቻ ከበሩ ጀርባ ይቆማሉ፣ ከላይ ከበሩ በላይ ያለውን ግንብ ይይዛሉ፣ ከታች ወለሉ ውስጥ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ይገባሉ። ከቆሙ በኋላ በሩ አይከፈትም፤ ስለዚህ መኪናውን አስቀድሞ መወሰን ነው፣ ውጭም ከሆነ ውስጥም ከሆነ።

አንድ ነገር ብቻ ራሷ እንዳትነካ ለምኛታለሁ። ከበሩ በላይ ያለውን ሞላ። ያ ሞላ የበሩን ክብደት በሙሉ ተጠቅልሎ የያዘ ነው፤ ሲፈታ ሰው ይገድላል። ባለሙያ ጠሩለት።

ሌላ የገረመኝ። ደቡብ ካሮላይና ውስጥ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ያቋቋሙት የምርምር ማዕከል አለ፣ 105 ግዙፍ ማራገቢያ ደርድረው ሙሉ ቤት ላይ ነፋስ ይለቃሉ። የውስጥ በሮችን ዘግቶ መቀመጥ ብቻ ጣሪያው ላይ የሚያርፈውን ኃይል እስከ 30 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ያገኙት እነሱ ናቸው። ገንዘብ አይጠይቅም። ያን ሌሊት እህቴ ቤት የተዘጉት በሮች ዝም ብለው አልተዘጉም ማለት ነው። እኛ ዘንድ ግን ተቃራኒውን የሚመክር ሰው አለ፣ "ነፋሱ ይለፍ፣ በሩን ክፈቱለት" የሚል። እባካችሁ አትክፈቱለት። ነፋስ ከገባ በኋላ በፈለግነው መንገድ አይወጣም።

ስለ በር ይህን ሁሉ ብዬ አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር የአባቴ ልጅ አይደለሁም። በር ውሃ አያቆምም። አያን በመታ ጊዜ በቀጥታ ከሞቱት አብዛኞቹን የገደለው የባሕሩ ሙላት ነው። እህቴ ቤቷ የቆየችው ውሃው ከማይደርስበት ስለሆነ ነው። ውጡ የተባለ ሰው መውጣት አለበት፣ በሩ ምንም ቢሆን። አባባ ይህን በስልክ ሦስት ጊዜ ነው የጠየቃት። "ውሃው ይደርሳል? አይደርስም? እርግጠኛ ነሽ?" ደቻቱን ያየ ሰው ከዚህ ሌላ ምን ይጠይቃል።

እኛ ጋ እንዲህ ያለ አውሎ ነፋስ የለም ትሉ ይሆናል። ልክ ነው፣ ከሞቀ ባሕር ላይ ነው ጉልበቱን የሚያገኘው፣ የብስ ላይ ሲወጣ ይደክማል። ግን ባሕሩም ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ግንቦት 2010 ላይ ሳጋር የተባለው አውሎ ነፋስ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ገብቶ ሶማሌላንድ ላይ ነው ያረፈው፣ ጅቡቲን በጎርፍ አጥለቅልቋል። ደግሞም ለመጋዘናችን ሳጋር አላስፈለገውም። ተራ የሰኔ ነፋስ በቂ ነበር። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ቢነፍስ እንኳ የእኛ በር ላይ ከ2 ኩንታል ተኩል በላይ ይጫናል። ግማሹን ማጠፊያዎቹ ይሸከሙታል እንበል። የቀረው መሃል ላይ ነው፣ ያ አሸዋ ላይ የተቀመጠ መቀርቀሪያ ላይ።

በሩን እንዲህ ነው ያስተካከልነው። በያጁ ከጀርባ ሁለት አግድም ቱቦላሬ ጨመረበት። መሃል ላይ የነበረውን አንድ መቀርቀሪያ ትቶ ለእያንዳንዱ ክንፍ ከላይም ከታችም አደረገ። ማጠፊያዎቹ የተበየዱበትን ቋሚ ብረት በብሎን ከኮንክሪቱ አሰረው፤ ቀድሞ በልስን ብቻ ነበር የተያዘው፣ በመዶሻ ሲነካው ልስኑ እንደ ደረቅ ቂጣ ነው የረገፈው። የመሬቱን ጉድጓድ አስጠልቆ የቱቦ ቁራጭ ቀበረበት፣ በላዩ ላይ የሚገለጥ ትንሽ ክዳን በየደለት። ጣሪያውን ደግሞ አናጺው ከቢሙ ጋር በቶንዲኖ አሰረው። የሚስማሩንም ነገር አልተውነውም።

ይህ ሁሉ ብር ነው፣ አልዋሽም። የክዳኑ ዋጋ ግን ምንም ነው ማለት ይቻላል፤ ከተረፈ ላሜራ ነው የተሠራው። እኔ ዛሬም ድሬ ውስጥ ስዘዋወር ዓይኔ መሬት ላይ ነው። ሰፊ በር ያለው አዳራሽ፣ ዕቃ ማከማቻ፣ የእንጨት ቤት፣ መኪና የሚገባበት ግቢ። በሩ ሥር ያለውን ጉድጓድ አያለሁ። አብዛኛው ሙሉ ነው። አንዳንዱ ላይ ሣር በቅሏል። ባለቤቱን የማውቀው ከሆነ እነግረዋለሁ፤ አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ወዲያው ጎንበስ ብሎ በጣቱ ያየዋል። አንድ ባለ ሱቅ ጎንበስ ብሎ ካየ በኋላ "ወላሂ አቦ፣ አምስት ዓመት ስዘጋው የኖርኩት ምኑን ነው?" አለኝ።

መስከረም 29 ቀን 2017 ሚልተን የሚባለው መጣ። ሳራሶታ አጠገብ ነው የገባው፣ ከእህቴ ሰሜን። በሯ ምንም አልሆነም። እኔ የማስታውሰው ግን ከዚያ በፊት የነበረውን ቀን ነው። በቪዲዮ ደወለች። ቋሚ ብረቶቹን እያቆሙ ነበር። አንደኛው ገብቷል። ሁለተኛው አልገባ አለ። ባሏ ብረቱ ተጣሞ ይሆናል ይላል፣ በመዶሻ ሊመታው ነው።

"ስልኩን ወደ መሬት አዙሪው" አልኳት።

አዞረችው። የፍሎሪዳ አሸዋ ነጭ ነው። ጉድጓዱ እስከ አፉ ሙሉ ነበር።

"ማንኪያ አምጪ።"

የሾርባ ማንኪያ አመጣች። ተንበረከከች። አሸዋውን በትንሽ በትንሹ እያወጣች ሲሚንቶው ላይ ታፈስሰዋለች፣ ልጇ ከጎኗ ቁጢጥ ብላ ትቆጥርላታለች። አስራ አንድ ማንኪያ ሆነ። ከዚያ ባሏ ብረቱን አቆመው፣ ለቀቀው። ድምፁ ይለያል። አሸዋ ላይ ሲያርፍ የሚሰማውን "ቋ" አውቀዋለሁ፣ ይሄ ወፍራምና ጥልቅ ነው።

አባባ ከኋላዬ፣ አልጋው ላይ ሆኖ፣ ተኝቷል ብዬ ነበር።

"ገባ?" አለኝ።

"ገባ" አልኩት።